ኦፍሳይድ በሰፈር ዋንጫ፦ ይቆይ፣ ይቅር ወይስ ይሻሻል? ለጅማ ውድድር አዘጋጆች የንጽጽር መመሪያ

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ በጅማ ደግሞ የሰፈር ዋንጫ ወቅት ይከፈታል። ከሂርማታ እስከ ጂሬን፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ ወጣቶች ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ማሊያ ይገዛሉ፣ የምድብ ዕጣ ያወጣሉ። ስለ ዋንጫው ቁመት ሳይቀር ሲከራከሩ የሚያመሹ ኮሚቴዎች ግን አንዱን ትልቅ ጥያቄ ሳያነሱት ያልፋሉ፦ ኦፍሳይድ ይኖራል ወይስ አይኖርም? ጥያቄው የሚነሳው የመጀመሪያው አወዛጋቢ ጎል ከተቆጠረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚሰጠው መልስ ሁሉ ለአንደኛው ቡድን ያደላ ይመስላል።

ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ኮሚቴዎች ነው። አቋሜን ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። ኦፍሳይድ ብልህ ሕግ ነው፤ እግር ኳስ ዛሬ የያዘውን መልክ ከሰጡት ነገሮች አንዱ እንደሆነ አምናለሁ። ሆኖም የሚያስፈጽመው ዓይን በትክክለኛው ቦታ ላይ ካልቆመ ጨዋታውን ያበላሸዋል፣ ወንድማማቾችንም ያጣላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች በአንድ ጥያቄ እመዝናቸዋለሁ፦ በእናንተ ሜዳ፣ ባላችሁ የሰው ኃይል፣ ውሳኔው በትክክል ሊታይ ይችላል ወይ?

ሕጉ በትክክል ምን ይላል?

በእግር ኳስ ሕጎች ውስጥ ኦፍሳይድ 11ኛው ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣውም ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ቦታ ነው። አንድ አጥቂ በተጋጣሚው የሜዳ አጋማሽ ውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱ፣ ገላው ወይም እግሩ ከኳሱም፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ተጋጣሚም ይልቅ ለግቡ መስመር ከቀረበ ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ነው። እጅ አይቆጠርም። እኩል መሆን ኦፍሳይድ አይደለም። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ተጋጣሚ በረኛው ስለሆነ ሰው ሁሉ አንድ ተከላካይ ብቻ መፈለግ ለምዷል፤ በረኛው ወደ ፊት ወጥቶ ከቀረ ግን መፈለግ ያለባቸው ሁለት ተከላካዮች ናቸው። ከሜዳው ዳር ሆኖ የሚጮኸው ተመልካች ይህን ሁልጊዜ ይረሳዋል።

ሁለተኛው ክፍል ስለ ጥፋት ነው። ኦፍሳይድ ቦታ ላይ መቆም ብቻውን አያስቀጣም። የሚያስቀጣው፣ የቡድን ጓደኛው ኳሱን በነካበት ቅጽበት እዚያ የነበረው ተጫዋች ኳሱን ከተጫወተ፣ ተጋጣሚውን ካወከ፣ ለምሳሌ የበረኛውን ዕይታ ከከለለ፣ ወይም ከቋሚ አለዚያም ከበረኛ ተመልሶ የመጣ ኳስ አግኝቶ ከተጠቀመ ነው። ከመልስ ምት፣ ከእጅ ውርወራና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ለተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ የለም።

"በነካበት ቅጽበት" የሚለው ሐረግ የችግሩ ሁሉ ሥር ነው። ፈራጁ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ እንዲያይ ይጠይቃል፦ አቀባዩን እግር እና አጥቂውን ከተከላካዩ ጋር። አጥቂው በሰከንድ 7 ሜትር ወደ ግብ ሲሮጥ ተከላካዩ በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ፊት ቢወጣ፣ ሁለቱ በሰከንድ 10 ሜትር ይተላለፋሉ። ዓይን ከአቀባዩ ወደ አጥቂው ለመዞር የሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢፈጅበት በመካከል አንድ ሙሉ ሜትር ተፈጥሯል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2022 በኳታር በተካሄደው የዓለም ዋንጫ በየስታዲየሙ ጣሪያ ሥር 12 ካሜራዎች ሰቅሎ የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ያስመዘገበው፣ ኳሱ ውስጥም በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ የሚልክ መሣሪያ ያስገጠመው ይህ አንድ ሜትር አላስተኛ ስላለው ነው። እኛ ዘንድ ያለው ሁለት ዓይንና አንድ ፊሽካ ነው።

ከመሰረዙ በፊት፦ ሕጉ ምን ይከላከላል?

ኦፍሳይድ ከመጀመሪያው አንስቶ ሲቀያየር የኖረ ሕግ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1863 ባወጣው ሕግ ከኳሱ ፊት የተገኘ የቡድን ጓደኛ ሁሉ ኦፍሳይድ ነበር፤ ወደ ፊት ማቀበል የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1866 በተጫዋቹና በግቡ መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች ካሉ ይፈቀድ ተባለ። በ1907 ተጫዋቹ በራሱ አጋማሽ ውስጥ ከሆነ ኦፍሳይድ ቀረ። በዚያ ዘመን ተከላካዮች፣ በተለይም የኒውካስሉ ቢል ማክራከን፣ ልክ ኳሱ ሊላክ ሲል አንድ እርምጃ ወደ ፊት በመውጣት አጥቂውን ማጥመድ ተካኑበት፤ ጨዋታው በፊሽካ ተቆራርጦ አለቀ። ስለዚህ በ1925 ሦስቱ ተጋጣሚ ወደ ሁለት ዝቅ ተደረገ። በእንግሊዝ ሊግ አራት ዲቪዚዮኖች በ1924/25 የውድድር ዘመን በ1,848 ጨዋታዎች 4,700 ጎሎች ተቆጥረው ነበር፤ በቀጣዩ ዘመን በዚያው የጨዋታ ብዛት 6,373 ሆኑ። በአማካይ በጨዋታ ከ2.5 ወደ 3.4 ገደማ አደገ። የአርሰናሉ ኸርበርት ቻፕማን የመሃል ተጫዋቹን ወደ ኋላ ስቦ ሦስተኛ ተከላካይ ያደረገው ለዚህ ለውጥ መልስ ሲፈልግ ነው። አንዲት ቁጥር ተቀይራ የቡድን አሰላለፍ ሁሉ ተቀየረ። በ1990 ደግሞ ከተከላካዩ ጋር እኩል መሆን ተፈቀደ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ሁለት ነገር ስለሚያሳይ ነው። አንደኛ፣ ሕጉን ማስተካከል ድፍረት አይደለም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ደጋግመው አስተካክለውታል። ሁለተኛ፣ ባስተካከሉ ቁጥር የጠየቁት "ይህ ሕግ የትኛውን ብልጠት ይከላከላል? አሁንስ የትኛውን ብልጠት ፈጠረ?" ብለው ነው።

ይኸው ጥያቄ ከእኛ ርቆ በአሜሪካ ቤዝቦል ውስጥም ይነሳል። እዚያ "ኢንፊልድ ፍላይ" የሚባል፣ የራሱን ተመልካች ግራ የሚያጋባ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ጀምሮ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በቤዝቦል መቺው ወደ ላይ ያጎነውን ኳስ ተከላካይ ከአየር ላይ ከቀለበው መቺው ይወጣል፤ ሯጮቹም ወደ ነበሩበት ማረፊያ መመለስ አለባቸው። ተከላካዩ ቀላሉን ኳስ ሆን ብሎ ቢጥለው ግን እነዚያ ቆመው የጠበቁት ሯጮች በድንገት የግድ መሮጥ ይኖርባቸዋል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ሊወጣባቸው ይችላል። ሕጉ ይህን ማታለል ለመከላከል፣ አንደኛውና ሁለተኛው ማረፊያ ተይዘው ገና ሁለት ሰው ካልወጣ፣ ተከላካዩ በተለመደ ጥረት ሊቀልበው የሚችለው ኳስ ሲሆን ዳኛው ወዲያው መቺውን እንዲያስወጣ ያዛል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 በአትላንታና በሴንት ሉዊስ መካከል በተደረገ ወሳኝ ጨዋታ ዳኛው ይህን ሕግ ተከላካዮች ከተለመደው ቦታቸው ርቀው በሄዱበት ኳስ ላይ ተጠቀመበት፤ ተመልካቹ ጠርሙስና ቆሻሻ ወደ ሜዳ ወርውሮ ጨዋታው 19 ደቂቃ ተቋረጠ። ሕጉ ይሰረዝ የሚሉ ብዙዎች ቢነሱም አልተሰረዘም፤ ቢሰረዝ የድሮው ማታለል በማግስቱ ይመለሳልና። ሕዝቡን ያስቆጣው "የተለመደ ጥረት" የተባለው ነገር ለዳኛው እንጂ ለተመልካቹ አለመታየቱ ነው።

የእኛ ኦፍሳይድም የሚከላከለው የታወቀ ነገር ነው፦ አጥቂ በረኛው አጠገብ ተተክሎ ረጅም ኳስ እንዳይጠብቅ። ይህ ሲፈቀድ ተከላካይ አብሮት ይቀመጣል፤ መሃል ሜዳ ባዶ ይሆናል፤ አማካይ ተጫዋች ኳስ በጭንቅላቱ ላይ ስታልፍ አንጋጦ ማየት ብቻ ይቀረዋል።

አማራጭ አንድ፦ ሕጉን እንዳለ መጠቀም

ውድድሩ 11 ለ11 ከሆነ፣ ሜዳው 90 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተጫዋቾቹም ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ ሙሉው ሕግ ምትክ የለውም። ምክንያቱም ይህ ከተማ ተጫዋች አምራች ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ በየሰፈሩ ያሉ ልጆች አይተዋል። ወደ ክለብ ሙከራ የሚሄድ አጥቂ በትክክለኛው ሰዓት መሮጥን፣ ተከላካይም መስመሩን ከጓደኞቹ ጋር አብሮ መጠበቅን ከየት ይማር? ኦፍሳይድ በሌለበት ሁለት ክረምት የተጫወተ አጥቂ ሙከራ ላይ ባንዲራ ሲያስነሳ ይውላል፤ አሰልጣኙም ለሁለተኛ ጊዜ አይጠራውም።

ነገር ግን ሙሉው ሕግ እንደ ጅማ በርጩማ በሦስት እግር ነው የሚቆመው። አንዱ በቂ ሜዳ ነው። ሁለተኛው ከሁለቱም ቡድን ያልሆኑ፣ ሕጉን የሚያውቁ ሁለት የመስመር ዳኞች ናቸው። ሦስተኛው፣ ብዙ ኮሚቴ ከቁጥር የማያስገባው፣ ነጻ የሆነ የሜዳ ዳር ነው።

ሦስተኛውን ላስረዳ። የመስመር ዳኛ ሥራው ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር እኩል ሆኖ ወደ ጎን እየተንቀሳቀሰ መከታተል ነው። ሁለት ሜትር ከኋላ ከቀረ ከተከላካዩ ራቅ ብሎ ያለው አጥቂ አልፎ ሳለ እኩል ሊመስለው ይችላል፤ ሁለት ሜትር ከቀደመም በተቃራኒው ይሳሳታል። በአንድ የሰፈር ሜዳ ላይ ያየሁት ግማሽ ፍጻሜ ከዓይኔ አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ተመልካቹ ጃንጥላ ዘረጋ፤ ፊት የቆመውን ጃንጥላ ለማለፍ ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ ሳይታወቅ የሜዳው መስመር በሕዝቡ እግር ሥር ገባ። የመስመር ዳኛው መሮጫ ስላጣ ከሕዝቡ ጀርባ መሮጥ ጀመረ። እናም ጎል ሲቆጠር ከጃንጥላዎቹ በላይ አንዲት ቢጫ ባንዲራ ብቅ አለች፤ ከባለ ባንዲራው እስከ ተከላካዮቹ መስመር ያለው ርቀት ግን በትንሹ ስምንት ሜትር ነበር። ዳኛው ባንዲራውን አምኖ ጎሉን ሻረ። ልጁ ኦፍሳይድ ነበር ወይስ አልነበረም? እውነቱን ለመናገር በዚያ ሜዳ ላይ ይህን ሊያውቅ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም፤ ጨዋታው ግን በዚያው ተበተነ።

ስለዚህ አማራጭ አንድን ከመረጣችሁ ከጎን መስመሩ ቢያንስ ሦስት ሜትር ወደ ውጪ ገመድ ወጥሩ፤ ገመዱን የሚጠብቁ አስተናባሪዎችም መድቡ። የመስመር ዳኞች አበል አትቆጥቡ። ከየቡድኑ አንድ ተቀያሪ ተጫዋች ባንዲራ እንዲይዝ ማድረግ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ እኔ ግን በፍጹም አልመክርም። ልጁ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ በገዛ ቡድኑ ላይ ሲፈርድ ከጓደኞቹ ጋር፣ ለቡድኑ ሲፈርድ ከሌላው ሰፈር ጋር ይጋጫል። አሥራ ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይህን ሸክም መስጠት ግፍ ነው።

መውደቅ የሌለባችሁበት ጉድጓድ፦ "ዳኛው እንዳየው"

በከተማችን በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው፤ በደንብ ስለማይጻፍ አማራጭ መሆኑ እንኳ አይታወቅም። ኦፍሳይድ አለ ይባላል፤ የመስመር ዳኛ ግን የለም። የመሃል ዳኛው ከመሃል ሜዳ ሆኖ ይፈርዳል።

ከኋላ ቆሞ ወደ ግብ የሚያይ ሰው ከፊቱ ከሚሮጡ ሁለት ተጫዋቾች ማን በግራ ማን በቀኝ እንደሆነ በደንብ ያያል፤ ማን በአንድ ሜትር እንደቀደመ ግን ከዚያ አቅጣጫ መለየት አይችልም። ስለዚህ ዳኛው የሚፈርደው በግምት ነው፤ ግምቱንም የሚመራው የተከላካዮች እጅ መነሳትና የተመልካች ጩኸት ይሆናል። ጮክ ብሎ የሚከራከር ቡድን ያተርፋል። ከአማራጮች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ኦፍሳይድን ጨርሶ ማስቀረት ከዚህ እጅግ ይሻላል። የመስመር ዳኛ ማግኘት ካልቻላችሁ ሙሉ ኦፍሳይድ የላችሁም፤ ይህን አምናችሁ ወደ ቀጣዮቹ ሁለት አማራጮች ሂዱ።

አማራጭ ሁለት፦ ጨርሶ ማስቀረት

የደች አጥቂ የነበረው ማርኮ ቫን ባስተን በፊፋ የቴክኒክ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኦፍሳይድ ከትልቁ እግር ኳስ ቢቀርስ የሚል ሐሳብ አንስቶ ነበር። ሐሳቡ አልተራመደም። የሕጎቹ ባለቤት የሆነው ዓለም አቀፍ ቦርድ ስምንት ድምፅ ያለው ነው፤ አራቱ የብሪታንያ ማኅበራት አንድ አንድ፣ ፊፋ አራት፤ ለውጥ ለማጽደቅ ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል። በትንሹ ሜዳ ግን ጉዳዩ ከተወሰነ ቆይቷል። ፉትሳል፣ ማለትም በአዳራሽ የሚካሄደው 5 ለ5 እግር ኳስ፣ ኦፍሳይድ የለውም። በእንግሊዝም የልጆች 5 ለ5 እና 7 ለ7 ጨዋታ ያለ ኦፍሳይድ ነው የሚካሄደው፤ ሕጉ የሚጀምረው 9 ለ9 ላይ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። 40 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ መሃል ሜዳ የሚባለው በአንድ ቅብብል ያልቃል። ባዶ የሚሆን ሰፊ ቦታ ስለሌለ ኦፍሳይድ የሚከላከለው ጉዳትም የለም ማለት ይቻላል። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር ኳስ ደጋግሞ መንካት ነው፤ በየሁለት ደቂቃው ፊሽካ እየተነፋባቸው ለምን እንደተነፋ ሳይገባቸው የሚቆሙ ሕፃናትን ማየት ያሳዝነኛል። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወይም አዌቱ ወንዝ ዳር ባለች ጠባብ ሜዳ የምታዘጋጁ ከሆነ ሳታመነቱ ይህን ምረጡ።

በትልቅ ሜዳ ማስቀረትስ? የሜዳ ሆኪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኦፍሳይድን በሙከራ አንስቶ በዚያው አስቀርቶታል፤ ጨዋታውም አልሞተም። ልብ ልትሉት የሚገባ ልዩነት ግን አለ። በሆኪ ጎል የሚቆጠረው ኳሱ ግቡ ፊት ለፊት ባለው ግማሽ ክብ ውስጥ ከተመታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ኳስ ልኮ መገላገል አይቻልም። ፉትሳልም የራሱ መከላከያ አለው፤ በረኛው በራሱ አጋማሽ ኳሱን ከ4 ሰከንድ በላይ መያዝ አይችልም። እግር ኳስ ኦፍሳይዱን ብቻ አውጥቶ ሌላ ምንም ሳይተካ ቢቀር፣ በተለይ በሐምሌ ጭቃ ኳስ መሬት ለመሬት በማይሄድበት ሜዳ፣ ጨዋታው ከበረኛ እግር ወደ አጥቂ ግንባር የሚደረግ ልውውጥ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ሕጉን ካስቀራችሁ አንድ ማካካሻ ጨምሩ፦ የበረኛ ምትም ሆነ ውርወራ ሌላ ተጫዋች ሳይነካው ወይም መሬት ሳያርፍ የመሃል መስመሩን አያልፍም፤ ካለፈ ለተጋጣሚ ከመሃል መስመሩ ቅጣት ምት ይሰጣል። በዚህ ላይ የሚያከራክር ውሳኔ አታገኙም፤ ኳሱ አለፈ ወይም አላለፈም።

አማራጭ ሦስት፦ በመስመር የተወሰነ ኦፍሳይድ

ልቤ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙዎቹ የጅማ ውድድሮች ከ9 ለ9 ባልበለጠ ተጫዋች፣ ከ60 እስከ 80 ሜትር በሚሆን ሜዳ የሚካሄዱ ናቸውና።

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1982 ከግቡ መስመር 35 ያርድ፣ ወደ 32 ሜትር ገደማ፣ ላይ መስመር አስምሮ አጥቂ ኦፍሳይድ የሚሆነው ከዚያ ካለፈ ብቻ ነው ብሎ ተጫውቷል። የተወው ፊፋ ስላስገደደው ነው። ዛሬም በአሜሪካ የትናንሽ ልጆች 7 ለ7 ጨዋታ በተመሳሳይ መንገድ ኦፍሳይድን ከአንድ የተሰመረ መስመር ወዲያ ብቻ ይቆጥራል።

በእኛ ሜዳ እንዲህ ይሁን፦ 70 ሜትር ርዝመት ካለው፣ ከየግቡ መስመር 20 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። አጥቂ ኳሱ በተነካበት ቅጽበት ይህን መስመር ካላለፈ፣ ከተከላካዮቹ ሁሉ ፊት ቢሆን እንኳ ኦፍሳይድ አይደለም። ካለፈ ግን የተለመደው ሕግ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። መሃል ሜዳ ላይ ወጥመድ መዘርጋት ይቀራል፤ በረኛ አጠገብ መተከልም ይቀራል።

በጨዋታው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ያስደስታል። ተከላካዮች እስከ መሃል መስመር ወጥተው ሜዳውን ማጥበብ አይችሉም፤ ከኋላቸው አጥቂ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላልና። በዚህ የተነሳ ለአማካዮች ቦታ ይከፈታል፤ ኳስ ለመቆጣጠርና ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ ያገኛሉ። አጥቂውም ወደ ግቡ ሲጠጋ የሩጫ ሰዓቱን ማስተካከል ስላለበት ትልቁን ትምህርት አያጣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ለዳኝነት ነው። የመስመር ዳኛው የሚጠብቀው 35 ሜትር ሳይሆን 20 ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ሕዝብ እንዳይቆም ማድረግ በሜዳው ዙሪያ ሁሉ ገመድ ከመወጠር ይቀላል። ሦስት ዳኛ ማግኘት ለማይችል ኮሚቴም መውጫ አለው፦ እንደ ፉትሳል ሁለት ዳኞችን በፊሽካ መመደብ፣ አንዱ በአንዱ አጋማሽ፣ ሌላው በሌላው፤ ጥቃት ሲመጣ የአጋማሹ ዳኛ ወደ ጎን ወጥቶ በ20 ሜትሩ መስመር ትይዩ ይቆማል። አጥቂው ከመስመሩ ወዲህ ከሆነ መፍረድ እንኳ አያስፈልግም፤ ተመልካቹም ምልክቱን ስለሚያይ ይስማማል። የቀረው አከራካሪ ነገር ከ20 ሜትሩ ወዲያ የሚሆነው ብቻ ነው።

ጉድለትም አለው። ወደ ክለብ የሚሄድ ተጫዋች ሙሉውን ሕግ እንደ አዲስ መልመድ አለበት። መስመሩንም መጠበቅ ይጠይቃል፤ ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ በጠዋት በኖራ የተሰመረ መስመር ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ኖራውን ተዉትና ከጎን መስመሩ ሁለት ሜትር ወደ ውጪ፣ በአራቱም ቦታ፣ የሰው ቁመት ያለው ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ትከሉ፤ ጫፉ ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ። ዳኛው ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው በዓይኑ መስመር ይስባል።

አማራጭ አራት፦ ለአጥቂ ያደላ ኦፍሳይድ

የቀድሞው የአርሰናል አሰልጣኝ አርሰን ቬንገር በፊፋ ኃላፊነታቸው ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ ጎል ሊቆጠርበት ከሚችል የአጥቂው አካል አንዱ እንኳ ከተከላካዩ ጋር እኩል ከሆነ ኦፍሳይድ አይሁን ይላል። በቴሌቪዥን ምስል በጣት ስፋት ለሚሻሩ ጎሎች መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ለሰፈር ሜዳ ግን የሚያከራክረውን ነጥብ ወደ ኋላ ገፋ ከማድረግ በቀር የሚለውጠው ነገር የለም፤ ያው ዓይን ያንኑ ቅጽበት ማየት አለበት። ከዚህ ሐሳብ የምትወስዱት አንድ ነገር ይኑር፦ የትኛውንም አማራጭ ብትመርጡ ዳኞቻችሁ ሲጠራጠሩ ባንዲራ እንዳያነሱ ንገሯቸው።

እንዴት ትምረጡ?

መጀመሪያ ሜዳውን ለኩ፤ በእርምጃ ሳይሆን በሜትር። ከ50 ሜትር ካነሰ ወይም ልጆቹ ከ12 ዓመት በታች ከሆኑ ኦፍሳይድን አስቀሩ፤ ክርክር አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ገለልተኛ ዳኞችን ቁጠሩ። ለሁሉም ጨዋታ፣ ለፍጻሜው ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ሦስት ዳኛ ካላችሁና ሜዳው 90 ሜትር ከደረሰ ሙሉውን ሕግ ያዙ። ሁለት ዳኛ ብቻ ካላችሁ ወይም ሜዳው መካከለኛ ከሆነ የመስመሩን አማራጭ ውሰዱ። አንድ ዳኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሜዳው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ኦፍሳይድ አይኑር፤ የበረኛውን ማካካሻ ጨምራችሁ ተጫወቱ። ውድድሩ በፌዴሬሽን ሥር የተመዘገበ ከሆነ ግን ደንብ ከመቀየራችሁ በፊት እነርሱን መጠየቅ ግድ ነው።

አንዳንድ ኮሚቴዎች በምድብ ጨዋታ ያለ ኦፍሳይድ አጫውተው ከግማሽ ፍጻሜ ጀምሮ "አሁን ዳኛ ስላገኘን" ብለው ሕጉን ያስገባሉ። ይህ በደል ነው። ሦስት ጨዋታ በአንድ ሕግ አሸንፎ የመጣ ቡድን በአራተኛው በማያውቀው ሕግ ይወድቃል። የጀመራችሁበትን ጨርሱበት።

ምርጫውን በቃል አትተዉት። የቡድን አምበሎችና አሰልጣኞች ዕጣ ሊያወጡ በሚሰበሰቡበት ቀን አንብባችሁ አስፈርሙ። ለመስመሩ አማራጭ እንዲህ ብላችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ፦

"በዚህ ውድድር ኦፍሳይድ የሚሠራው ከየግቡ መስመር 20 ሜትር ውስጥ ብቻ ነው። ኳሱ በቡድን ጓደኛው በተነካበት ቅጽበት ከ20 ሜትሩ ምልክት ያላለፈ ተጫዋች ኦፍሳይድ አይሆንም። ምልክቱን ላለፈ ተጫዋች ሕግ 11 እንዳለ ይሠራል። ከመልስ ምት፣ ከእጅ ውርወራና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ለሚመጣ ኳስ ኦፍሳይድ የለም። ዳኛው ከተጠራጠረ ጨዋታው ይቀጥላል። በኦፍሳይድ ውሳኔ ላይ ክስ ማስያዝ አይቻልም፤ የ20 ሜትሩ ምልክት ተነቅሎ ወይም ቦታ ቀይሮ ከተገኘ ግን አምበሉ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለዳኛው ማሳወቅ ይችላል።"

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተጨመረው በምክንያት ነው። እንጨቱን ከብት ይነቅለዋል፣ ልጆችም ይጫወቱበታል፤ ስለዚህ ከየጨዋታው በፊት በሜትር የሚለካ አንድ የኮሚቴ አባል ይመደብ፤ ሁለቱ አምበሎችም አብረውት ይዙሩ።